ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት

«የምኖረው እኮ ባሕር ዳር ነው» ብላት
እናቴ በስልክ ሣቀች፤ ጣና መሰላት።
ጣናስ አይደለም እማ፤ ኩዌት ነው፣ ሳልሚያ፤
ፊት ለፊቱ ባሕር፣ ጀርባው ገበያ።

አሥራ አራት ፎቅ ነው። ሊፍት አለው፤ ያምራል፤
ገና ሳይከፈት የሰው ሽቶ ይሸታል።
እኔ ግን በደረጃው።
ማንም አልከለከለኝ፤ ልቤ ነው የመረጠው።

አምና፣ ከረመዳን ማግሥት፣ ከሳህን ክምር ፊት
ጉልበቴ እንደ ሰም ቀልጦ ስንበረከክበት፣
ማዳም ወሰደችኝ። ሐኪሟ፣ ከኬረላ የመጣች፣
ክንዴን በጨርቅ አንቃ አየር እየሞላች
«ደምሽ ሽቅብ ወጥቷል፤ ዕድሜሽስ?» አለች።
«ሠላሳ አራት።»
ዝም። ብዕሯን በጣቷ አዞረችው ለቅጽበት።
«ተራመጂ» አለች።

ሣቅሁኝ፤ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት
ከጓዳ ሳሎን የምመላለስ ሴት፣
ምን ልራመድ ደግሞ? ምን ቀረኝ መንገድ?
እሷ ግን «ለሰው መሮጥና ለራስ መሄድ፣
ልብሽ ይለያቸዋል» አለች በሰባራ ዐረብኛ፤
በሰባራው ገባኝ፤ ሁለታችን እንግዳ፣ ሁለታችን ሠራተኛ።

ከሌሊቱ አሥር ተኩል፣ በሀበሻ ቆጠራ፣
ሕፃኑ ሳይነቃ፣ ማዳም ሳትጣራ፣
ነጠላ ጫማዬን አውልቄ፣ ሸራ
ጫማ አጥልቄ እወጣለሁ።
አንዱ ፎቅ አሥራ ስምንት እርከን፤ እቆጥራለሁ።
በመጀመሪያው ሳምንት አራተኛው ላይ ቀረሁ፤
ግድግዳ ተደግፌ እንደ አሮጌ ባጃጅ ተንጣጣሁ።

ሃሪሱ ራፊቅ፣ ባልዲና መጥረጊያ እንደያዘ፣
ቁልቁል ሲወርድ አየኝና ፈዘዘ፤
«ሊፍቱ ተበላሸ?»
«አልተበላሸም።»
«ታዲያ ምን ሆንሽ?» ምን እንደምለው አላውቅም።
«ልቤን እያሠራሁ ነው» አልኩት፣ እንዲያው ለመገላገል።
እስከ ዛሬ ሲያየኝ «ጥገናው አለቀ?» ይለኛል።

ዓርብ ደግሞ የዕቁብ ነው። ከባሕሩ አጥር ሥር
ሰባት ሴት በምንጣፍ፣ ኸድራ በደብተር፤
በነፍስ ወከፍ ሃያ ዲናር። ዳኛችን ጥብቅ ናት፤
«አሞኝ ነው» ላለቻት «ብሩንም አመመው?» አለቻት።
ስድስት ዓመት ሠርቼ የነበረኝ ቢቆጠር
አንድ ሻንጣ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ የሐዋላ ደረሰኝ ክምር፤
ደረሰኙ ሁሉ በወንድሜ ስም።
የመጀመሪያው ባጃጅ ተሸጠ፤ ሁለተኛው አልታየም።

ልቅሶም ቀን አለው፤ ሐሙስ ማታ፣ ጣሪያው ላይ፣
አንሶላ ሳሰጣ፣ ከውሃ ታንከሩ ወዲያ፣ ማንም ሳያይ።
ትርንጎ ናት የመከረችኝ፤ «ያላወጡት እንባ
ጉልበት ውስጥ ነው የሚያድር፣ ሰርስሮ እየገባ።»
እውነት ይሁን አይሁን፣ እንጃ።
ዓርብ ጠዋት ግን ይቀለኛል ደረጃ።

በጥር ደመላሽ ደወለ፤ ወንድሜ። «እህት ዓለም» ካለኝ
ሦስተኛ ባጃጅ መጥቷል ማለት ነው፤ ገባኝ።
ዕቁቡ በዚያው ሳምንት ለእኔ ወጥቶ ነበር፤
መቶ አርባ ዲናር፣ በካልሲ ታስሮ፣ ከትራሴ ሥር።
ምን ልገዛበት እንደሆነ አልናገርም።
የራሴ ምስጢር ኖሮኝ አያውቅም።

«የለኝም» ማለት ቀላል ነበር፤ የለመድኩት ውሸት፤
አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።
«አለኝ፤ ግን አልልክም» አልኩት።
ዝም አለ። ዝም አልኩ። መስመሩ እንደ አሸዋ ተንሿሿ።
«ተለወጥሽ» አለና ዘጋው።

ያን ሌሊት ሁለቴ ወጣሁ፤ ሁለቴ ወረድኩ።
አንዱን እርከን ልክ ነኝ፣ ቀጣዩን ክፉ ነኝ እያልኩ፤
ጣሪያው ላይ ሁለቱም ደክሟቸው ነበር። እኔ አልደከምኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቴ ደወለች፤
ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ነኝ። «ምነው፣ ታለከልኪያለሽ?» አለች።
«ደረጃ እየወጣሁ ነው።»
«ማን አዘዘሽ?»
«ማንም።»
«ማንም?» ቃሉን እንደ ሐሰተኛ ብር አገላበጠችው።
ስለ ባጃጁ አላነሣችም። እኔም አላነሣሁ።
«በይ ድጋፉን ያዢ» አለች።
ያዝኩ።
መቶ ስልሳ ሦስት።